ስለ እንቅልፍ መተንፈሻ መኪና፤ አፍና አፍንጫ የሚያደርቅበት ምክንያትና መፍትሔው

እንቅልፍ ለትልቁም ለትንሹም፥ ለባለጸጋውም ለድኻውም የድካም ማረፊያና የጉልበት ማደሻ ሆኖ የተሰጠ ጸጋ ነው። ነገር ግን ይህ ጸጋ ለአንዳንዱ ሰው የሌሊት ትግል ይሆንበታል። እርሱ ራሱ የተኛ ይመስለዋል፤ በአጠገቡ የተኛችው ባለቤቱ ግን ነገሩን ታውቃለች። በኃይል ሲያንኰራፋ ይቈይና ድንገት ዝም ይላል፤ ደረቱ ይንቀሳቀሳል፥ አየር ግን አይገባም፤ ጥቂት ቈይቶም እንደ ታነቀ ሰው ተንፈራግጦ ትንፋሹን ይመልሳል፤ ወዲያውም እንደ ገና ማንኰራፋት ይጀምራል። በነጋም ጊዜ ራሱ ከብዶት፥ ፊቱ ጠውልጎ፥ ያልተኛ ሰው መስሎ ይነሣል፤ በጉባኤ ተቀምጦ ያንቀላፋል፤ አውቶሞቢል ሲነዳም ዓይኑ ይከደናል።

የዚህ ሕመም ምክንያት፥ በጉሮሮ ያለው ለስላሳ ሥጋ በእንቅልፍ ጊዜ ላልቶ የአየሩን መንገድ ስለሚዘጋው ነው። ሐኪሞች ትንፋሽ 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ፥ ወይም ፈጽሞ ባይቋረጥም እጅግ ሲያንስ፥ እያንዳንዱን ይቈጥሩታል። በ1 ሰዓት ውስጥ ቍጥሩ ከ5 በታች የሆነ ሰው ደኅና ነው፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፥ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፥ ከ30 በላይ ብርቱ ሕመም ይባላል። ሳይታከም የቈየ እንደ ሆነ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከልብ ሕመምና ድንገት አካልን ከሚያሽመደምደው የአንጎል ሕመም ጋርም አብሮ ይገኛል።

ለዚህ የተገኘው ዋናው መድኃኒት የሚዋጥ ወይም የሚቀባ አይደለም፤ አየርን የሚገፋ መኪና ነው። ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ የአውስትራልያ ሐኪም በሲድኒ ከተማ ከባልንጀሮቻቸው ጋር መርምረው በ5 በሽተኞች ላይ የሠሩትን ሥራ በ1973 ዓ.ም. (በአውሮጳውያን 1981) ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት ገለጡ። የመኪናው ሥራ እንዲህ ነው፤ በአልጋው አጠገብ የተቀመጠው መኪና በቱቦና በጭምብል በኩል አየርን ወደ አፍንጫ ሳያቋርጥ ይገፋል፤ ምሰሶ የድንኳኑን ሸራ ደግፎ እንደሚያቆመው ሁሉ ይህም አየር የላላውን ጉሮሮ ደግፎ ከፍቶ ያቆየዋል። ኃይሉም የሚለካው በውኃ ግፊት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውኃ ድረስ ነው። ሐኪሞች ሲፓፕ ይሉታል።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የማከብራቸው አንድ አዛውንት ወዳጄ የደረሰባቸው ነገር ነው። እኒህ ሰው ረዥም ዘመን በመንግሥት ሥራ አገልግለው በጡረታ የሚኖሩ ናቸው። ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ በአንድ ሆስፒታል አድረው ተመረመሩና ትንፋሻቸው በ1 ሰዓት ከ40 ጊዜ በላይ እንደሚቋረጥ ተነገራቸው፤ መኪናውንም ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ነገር ግን መኪናውን ከሰጧቸው ሰዎች ስለ አያያዙ የሰሙት ቃል ጥቂት ነበር። ጥቂት ሳምንት እንደ ተጠቀሙበት አንድ ቀን አነሡና ከልብስ ሣጥን ውስጥ ከተው ቈለፉበት።

ባለቤታቸውም ይህን ባዩ ጊዜ፥ «አንቱ፥ ይህ መኪና በአጠገብዎ ሳለ እኔም እንቅልፍ አግኝቼ ነበር። አሁን ግን እንደ ቀድሞው ትንፋሽዎ የሚመለስበትን ጊዜ ስቈጥር ይነጋብኛል። ምን አጠፋ ብለው ቈለፉበት?» አሏቸው። እርሳቸውም፥ «መኪናው ምንም አላጠፋ፤ እኔ ግን አልቻልሁትም። ሌሊት ስነቃ ምላሴ እንደ ቁርበት ደርቆ ከላንቃዬ ይጣበቃል፤ አፍንጫዬ ይታፈናል፤ ዓይኔም አሸዋ የገባበት ይመስላል። ከዚህስ የዱሮው ሕመሜ ይሻለኛል» ብለው መለሱ።

ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ነበረ አንብቤ እንድተረጕምላቸው አስጠሩኝ። መኪናው ከሣጥን ወጥቶ፥ እርሳቸውም ጭምብሉን አድርገው በፊታችን ጋደም ባሉ ጊዜ፥ ገና ሸለብ ሲያደርጋቸው አገጫቸው ወደ ታች ወረደና አየሩ በአፋቸው በኩል እየፎጨ ይወጣ ጀመር። የጭምብሉ ማሰሪያ ከመጠን በላይ ተጠብቆ አንዱ ጠርዝ ተነሥቷል፤ ከዚያም የሚያመልጠው አየር ቀጥታ ወደ ዓይናቸው ይነፍሳል። አየሩን ሊያረጥብ የተሠራውን የውኃ ማጠራቀሚያም «ውኃ ከኤሌክትሪክ ጋር አይስማማም» ብለው ባዶውን አኑረውታል። እንግዲህ አንድም ነገር አልተሰበረም፤ ሦስት ነገሮች ግን ሳይታወቁ ቀርተዋል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው ይህ ነው፤ የአፍና የአፍንጫ ድርቀት መኪናው ለሰውየው እንደማይስማማ የሚመሰክር ምስክር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አየር በማይገባው መንገድ እያመለጠ መሆኑን፥ ወይም የሚገባው አየር እርጥበት ያነሰው መሆኑን የሚያመለክት ነው። ምልክቱን መርምሮ ምክንያቱን ማግኘት ይቻላልና መኪናውን ለመተው መቸኰል አይገባም።

አሁን ድርቀቱ እንዴት እንደሚመጣ እንመልከት። አፍንጫ ለሳንባ እንደ መልካም በረኛ ነው። የሚገባውን አየር ያሞቀዋል፥ ያረጥበዋል፤ አየሩ ተመልሶ በአፍንጫ ሲወጣም ከሰጠው እርጥበት ከፊሉን መልሶ ይቀበላል። አፍ የተከፈተ እንደ ሆነ ግን መኪናው የሚገፋው አየር በአፍንጫ ገብቶ በአፍ ይወጣል። አፍንጫ ሌሊቱን ሙሉ እርጥበቱን ይሰጣል እንጂ መልሶ አይቀበልም። በዚህ ጊዜ በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ይደርቃል፥ ያብጣል፥ መንገዱም ይጠባል። አፍንጫው የታፈነበት ሰውም አየር ፍለጋ አፉን አብልጦ ይከፍታል። እንዲህ ሆኖ ድርቀት መታፈንን ይወልዳል፤ መታፈን አፍን ያስከፍታል፤ የተከፈተ አፍም ድርቀትን ያበዛል። ይህን ክብ መስበር የሚቻለው ከአንዱ በኩል ሲቈረጥ ነው።

ጧት ሲነሡ ምልክቱን መለየት መልካም ነው። አፍ ደርቆ ያደረ እንደ ሆነ አየር በአፍ ይወጣል ማለት ነው። አፍ ደኅና ሆኖ አፍንጫ ብቻ የደረቀና ያቃጠለ እንደ ሆነ የአየሩ እርጥበት አንሷል። ዓይን የቀላና የደረቀ እንደ ሆነ ጭምብሉ በአፍንጫ ግንድ በኩል ያፈሳል። በቱቦው ውስጥ ውኃ ከተጠራቀመ ደግሞ እርጥበቱ ለክፍሉ ብርድ በዝቷል። አዲሶቹ መኪናዎች ሌሊት ያመለጠውን አየር መጠን መዝግበው በመስተዋታቸው ላይ ስለሚያሳዩ ይህንንም ማየት ይጠቅማል። ከዚህ ቀጥሎ የየምልክቱን መፍትሔ በተራ እንጽፋለን።

1ኛ፤ አፍ ሲከፈት። በመጀመሪያ አፍንጫው የታፈነ መሆንና አለመሆኑን መርምሮ ይህን ማቃናት ይገባል፤ በአፍንጫው ደኅና አድርጎ የሚተነፍስ ሰው አፉን የሚከፍትበት ምክንያት ያነሰ ነውና። ከዚህ በኋላም የማይተው እንደ ሆነ አገጭን ደግፎ የሚይዝ ለስላሳ ማሰሪያ አለ፤ እርሱ ግን አንዳንዱን ይረዳል እንጂ ለሁሉ አይሆንም። ለብዙ ሰው የሚሻለው አፍንጫንና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍነው ትልቁ ጭምብል ነው። አፍን በፕላስተር አሽጎ መተኛት አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ያለ ሐኪም ቃል ማንም አያድርገው።

2ኛ፤ የአየሩ እርጥበት ሲያንስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ በበጋም ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ አየሯ ደረቅ ሌሊቷም ብርድ ነው። ስለዚህ በዚህ ወራት በመኪናው ላይ ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ ባዶውን መቅረት የለበትም። ውኃውን የሚያሞቀውን ቍልፍ ከመካከለኛው ጀምሮ በየሌሊቱ አንድ አንድ ደረጃ ከፍ እያደረጉ የሚስማማውን ማግኘት ይቻላል። መኪናው የቈየ ዓይነት እንደ ሆነ ለከፍታ ቦታ መስተካከል የሚያስፈልገው መሆኑን ሐኪሙን ወይም ባለሙያውን መጠየቅ ነው።

የሚጨመረው ውኃ እንደ አረቄ በእንፋሎት ወጥቶ የቀዘቀዘው ንጹሕ ውኃ ነው። የፈላ ውኃ ተሐዋስያኑ ቢሞቱም በውስጡ ያለው ጨው አይጠፋም፤ በቡና ጀበናና በሻይ ማንቈርቈሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት ይመሰክራል። ይኸው ቅርፊት በማጠራቀሚያው ላይ ይጋገራል። ለአውቶሞቢል ባትሪ የሚሸጠውንም ውኃ ንጹሕ ነው ብሎ መጨመር አይገባም፤ አሲድ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላልና። በአገራችን ጉንፋን የያዘው ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን ልማዱ ነው፤ ነገር ግን ባሕር ዛፍም ቢሆን ጤና አዳምም ቢሆን ሽቱም ቢሆን ከዚህ ውኃ ጋር ፈጽሞ አይጨመርም። ሳንባን ይቈጣል፥ መኪናውንም ያበላሻል።

3ኛ፤ በቱቦው ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም። ሞቆና ረጥቦ የወጣው አየር በቀዝቃዛው ቱቦ ሲያልፍ ጠል ይሆንና እየተንቈረቈረ ሌሊት በፊት ላይ ይፈስሳል። ብዙ ሰው በዚህ ተደናግጦ ውኃውን ፈጽሞ ይተዋል፤ ይህ ግን ወደ ድርቀቱ መመለስ ነው። የሚሻለው እርጥበቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ፥ ቱቦውን በጥጥ ጨርቅ መጠቅለል ወይም ከጋቢ በታች ማሳለፍ፥ መኪናውንም ከራስጌ ዝቅ ባለ ስፍራ ማኖር ነው፤ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ውኃው ወደ ኋላ ይመለሳል። መኪናው ራሱ ግን አየር የሚስብበት ስፍራ ስላለው በጨርቅ አይሸፈንም። ራሱን የሚያሞቅ ቱቦም ስላለ የሚችል ሰው እርሱን ቢያገኝ ይገላገላል።

4ኛ፤ አፍንጫ ሲታፈን። 1 ሊትር ውኃ አፍልቶ አቀዝቅዞ፥ 9 ግራም ንጹሕ ጨው ጨምሮ፥ ከመኝታ በፊት አፍንጫን በዚህ ማጠብ ይጠቅማል። ያልፈላ የቧንቧ ውኃ ወደ አፍንጫ ማስገባት አይገባም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው አፍንጫ ከፋች ጠብታ ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከ3 ቀን በላይ የዘወተረ እንደ ሆነ ሲተዉት መታፈኑን አብሶ ይመልሰዋል። መታፈኑ የዘወትር የሆነበት ሰው ለሐኪም ይታይ፤ የአፍንጫ አጥንት መጣመም ወይም አለርጂ ሊሆን ይችላልና። ደግሞም ለደም ግፊት ወይም ለሌላ ሕመም ከሚወሰዱት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ አፍ ያደርቃሉ፤ ይህንም ለሐኪሙ መንገር እንጂ በገዛ ፈቃድ መድኃኒት ማቆም አይገባም።

5ኛ፤ ጭምብሉ ሲያፈስና ሲያቈስል። አየር ሲያመልጥ ሰው ሁሉ ማሰሪያውን ያጠብቃል፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። የጭምብሉ ጠርዝ እንደ ትራስ በአየር ተነፍቶ ፊት ላይ እንዲያርፍ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ከመጠን በላይ የተጠበቀ እንደ ሆነ ይጨማደድና አብልጦ ያፈስሳል፤ የአፍንጫንም ግንድ ያቈስላል። የሚገባው አሠራር፥ መኪናው እየነፈሰ ሳለ እንደሚተኙት ጋደም ብሎ ማሰሪያውን ማላላት፥ ጭምብሉን ከፊት ጥቂት ፈቀቅ አድርጎ መልሶ ማሳረፍ፥ ከዚያም አየር ማምለጡን እስኪተው ድረስ ብቻ በትንሽ በትንሹ መሳብ ነው። ከመኝታ በፊት ፊትን መታጠብ፥ ቅቤና ቫዝሊንም አለመቀባት ይገባል፤ ቅባት ጭምብሉን ያንሸራትታል፥ ጠርዙንም ያበላሻል። ጢም ያለው ሰው አፍንጫ ውስጥ ብቻ የሚገባውን ትንሹን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል። ሹሩባ የተሠራች ሴትም ማሰሪያው እንዳይንሸራተት በራሷ ላይ ስስ ሻሽ ብታስር ይረዳታል። በጭምብሉ ፊት ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግን የተቃጠለው ትንፋሽ የሚወጣባቸው ስለ ሆኑ፥ አየር አፈሰሱ ተብሎ ከቶ አይደፈኑም። የኤሌክትሪክ መብራት በጠፋም ጊዜ ጭምብሉን ማውለቅ ይገባል።

6ኛ፤ የአየሩ ግፊት ሲከብድ። አየሩ መጀመሪያ በዝግታ ጀምሮ ሰውየው እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ቀስ በቀስ ከፍ እንዲል የሚያደርግ መላ በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ አለ፤ በእርሱ መጠቀም ነው። አየር እየዋጠ ሆዱ የሚነፋበት ሰው ራስጌውን ከፍ አድርጎ ይተኛ፤ ካልተወውም ለሐኪሙ ይንገር። ግፊቱን ለእያንዳንዱ ሰው መርምሮ የሚወስነው ሐኪም ስለ ሆነ በገዛ እጅ መለወጥ አይገባም፤ ስለዚሁ የአንዱን መኪና ሌላው ተውሶ መተኛቱ ልክ አይደለም።

7ኛ፤ ስለ ንጽሕና። ጧት ጧት የተረፈውን ውኃ ደፍቶ ማጠራቀሚያውን ማድረቅ፥ የጭምብሉንም ጠርዝ መጥረግ ይገባል። በሳምንት አንድ ጊዜ ጭምብሉንና ቱቦውን፥ ማጠራቀሚያውንም ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ በጥላ ማድረቅ ነው። ማጣሪያውንም በየወሩ መመልከት ይገባል። ዕጣን በሚጤስበት፥ ቡና በሚቈላበት ቤት ማጣሪያው ቶሎ ይጠቍራል፤ የጠቈረም ማጣሪያ አየሩን ያሳንሳል፥ አፍንጫንም ይቈጣል። የከሰል ምድጃ ግን ከመኝታ ክፍል ጨርሶ ይውጣ፤ ገዳዩን የከሰል ጋዝ ይህ ማጣሪያ አያስቀረውምና። በኦዞን ጋዝ እናጸዳለን ተብለው ስለሚሸጡት መሣሪያዎችም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2012 ዓ.ም. (በአውሮጳውያን 2020) ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል፤ ሳሙናና ውኃ ይበቃል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ለመለወጥ መሞከር አይጠቅምም። ሁለት ሦስት ነገር ባንድነት የተለወጠ እንደ ሆነ የረዳው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም። አንድ ትንሽ ደብተር ይዞ፥ ማታ የተለወጠውን አንድ ነገር፥ ጧትም የአፍን፥ የአፍንጫንና የዓይንን ሁኔታ በየቀኑ መጻፍ መልካም ነው። ሐኪሙም ይህን ደብተር ቢያይ ከብዙ ቃል ይልቅ ይረዳዋል። ጭምብሉ የሚያስፈራው ሰው ደግሞ በቀን፥ መጽሐፍ ሲያነብ ወይም ራዲዮ ሲሰማ፥ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ይለማመደው።

ነገር ግን አፍንጫው ደጋግሞ የደማ፥ ፊቱ የቈሰለ፥ ትኵሳት የያዘው ወይም ጭምብሉን አድርጎ ሳለ እንደ ገና የሚያንኰራፋና ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሰውነቱ እጅግ የወፈረ ወይም የከሳ እንደ ሆነም ግፊቱ እንደ ገና መመርመር ያስፈልገዋል። የቀን እንቅልፉ እስኪለቀው ድረስ አውቶሞቢል አይንዳ።

በዚህ ነገር የቤት እመቤት ድርሻ ትልቅ ነው። የተኛ ሰው አፉ መከፈቱን ራሱ ሊያይ አይችልም፤ የሚያየው በአጠገቡ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ባል ለሚስቱ፥ ሚስትም ለባልዋ ያዩትን ሳይሸሽጉ ቢናገሩ፥ ጭምብሉንም መሳቂያ ባያደርጉት፥ ብዙ ሰው መኪናውን ከመተው ይድናል።

ወዳጄ አዛውንቱ ሐኪማቸውን አማክረው ትልቁን ጭምብል አገኙ፤ በማጠራቀሚያውም ንጹሕ ውኃ ይጨመር ጀመር፤ ማሰሪያውም ላላ። መጀመሪያው ሳምንት አልቀናቸውም፤ አንድ ሌሊት ቱቦው ውኃ አፍስሶባቸው ተቈጥተው እስከ ማውለቅ ደርሰው ነበር። ባለቤታቸው ግን በነጋታው ከነጠላ የተረፈ ጨርቅ ሰፍተው ቱቦውን አለበሱት። ከአንድ ወር በኋላ ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ ስለ መኪናው ብጠይቃቸው፥ ወደ ባለቤታቸው እያዩ «እርሳቸውን ጠይቅ» አሉኝ። ወይዘሮዋም፥ «እኔ ምን ዐውቃለሁ፤ ሌሊት እተኛለሁ እኮ» ብለው መለሱልኝ።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ብለው የተናገሩት ለነገር ሁሉ ይሆናል። መኪናውን በሣጥን የቈለፈ ሰው ቢኖር ዛሬውኑ ያውጣው፤ ከመተዉም በፊት አየሩ የሚያመልጥበትን ስፍራ ይፈልግ።